አቧራ የጠጣ ሰው ሠራሽ አበባን በቤት ውስጥ እንዴት እናጽዳ?

ሰው ሠራሽ አበባ ውኃም ፀሐይም ስለማይፈልግ ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ ከገዛነው በኋላ የቴሌቪዥን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን እንረሳዋለን። በዓል ሲደርስና ቤቱ ሲጸዳ ቅጠሉ አመድ መስሎ ስናየው ደግሞ አርጅቷል ብለን ለመጣል እንቸኩላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀለሙ ከአቧራው ሥር እንዳለ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ሥራ ይመለሳል።

ሥራው የሚጀምረው ቅጠሉን በጣት በመዳበስ ነው። በበጋ ወራት ከመንገድ ተነሥቶ በመስኮት የሚገባው አቧራ ደረቅ በመሆኑ ጣት ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል፤ እንዲህ ዓይነቱን በደረቁ ማራገፍ ይበቃዋል። አበባው የተቀመጠው ከረከቦቱ አጠገብ ወይም ለወጥ ቤት ቅርብ ከሆነ ግን የቡና ቁላት፣ የዕጣንና የቁሌት ጭስ ቅጠሉ ላይ ቀጭን የቅባት ሽፋን ስለሚተው አቧራው እዚያ ላይ ይለጠፋል። ጣትዎን ካጣበቀው ያለ ሳሙና እንደማይለቅ ይወቁ።

ሳሙና የሚያስፈልገውም ቢሆን አስቀድሞ በደረቁ መራገፍ አለበት፤ አቧራ የተከመረበትን አበባ በቀጥታ ውኃ ውስጥ መክተት አቧራውን ጭቃ አድርጎ በቅጠሉ መስመሮች ውስጥ መደፍደፍ ነው። አበባውን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ግቢ ያውጡ፤ አፍንጫዎን በነጠላ ወይም በማስክ ይሸፍኑ፤ ከዚያም ቀለም ባልነካው ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ ቅጠሉን ከሥር በሌላ እጅዎ ደግፈው ይጥረጉ። የጽጌረዳን መሃል የመሰለ ጠባብ ቦታ ለብሩሽ ስለማይመች በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር ሊነፋ ይችላል። ሙቅ አየር ግን ሙጫውን ያላላል።

የጨርቅ አበባ ከሆነ ደቃቅ ጨው ጥሩ ይሠራል። በጠንካራ ፌስታል ውስጥ ሁለት እፍኝ ያህል ጨው አድርገው አበባውን በራሱ በኩል ቁልቁል ይክተቱ፤ የፌስታሉን አፍ ከግንዱ ጋር ጨብጠው ለሁለት ደቂቃ ያህል ቀስ ብለው ያንቀጥቅጡ። የጨው ፍሬዎች ጨርቁን እየፈተጉ አቧራውን ያስለቅቁታል፤ ሲጨርሱ ፌስታሉ ውስጥ የሚያዩት የጨው ቀለም ይህን ያሳይዎታል። ጨው የግንዱን ሽቦ ስለሚያዝግ ግን በሚገባ አራግፈው ማውጣት ይኖርብዎታል።

ለማጠብ፣ በሳፋ አምስት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ውኃው እጅ የሚያቃጥል እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ቅባቱን ቶሎ ይለቃል ብዬ በፈላ ውኃ የነከርኩት ጽጌረዳ ሙጫው ቀልጦ ባዶ ግንዱ እጄ ላይ ሲቀር፣ ቅጠሎቹ ሳፋው ላይ ሲንሳፈፉ አይቻለሁ። የፕላስቲኩን ቅጠል በስፖንጅ ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ማሸት ይቻላል። ጨርቁን ግን ሳይዘፈዝፉ ነከር አድርገው ማውጣት ይሻላል፤ ከዚያም በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥበው ከማይታይ ቅጠል ላይ ተጭነው ይሞክሩ። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ፣ በተለይ ቀይና ወይን ጠጅ አበባ ላይ ይህ ያጋጥማል፣ ውኃውን ትተው በብሩሽና በጨው ብቻ ይወሰኑ። በረኪና ለየትኛውም ዓይነት አይሆንም፤ ያነጣዋል።

በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅን አይተዉ፤ ቅጠሉ ላይ የቀረ ሳሙና ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ቀጣዩንም አቧራ ይይዛል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ሥራ ውኃ በሚገባበት ቀን ማድረግና የተለቀለቀበትን ውኃ ለወለል ማጽጃ ማቆየት ይቻላል። ሥሩ በጀሶ ወይም በስፖንጅ ተተክሎ ከማሰሮው የማይነቀል ከሆነ ግን ማሰሮውን ሳያረጥቡ ቅጠሉን ብቻ ሳሙና በነካው እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል፤ ስፖንጁ አንዴ ውኃ ከጠጣ ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፣ ሽታም ያመጣል።

ማድረቁ የጥላ ሥራ ነው። የአዲስ አበባን የመሰለ ከፍታ ያለው ቦታ ፀሐይ ቀለም የማደብዘዝ ኃይሉ ብርቱ ነው። ግንዱን በልብስ መቆንጠጫ ይዘው አበባውን ቁልቁል ገመድ ላይ ይስቀሉት፤ ሽቅብ ከቆመ ውኃው በመሃሉ ወደ ግንዱ ይወርድና ሽቦውን ያዝገዋል፣ የዝገቱም ውኃ በኋላ በጠረጴዛ ልብስ ላይ ይታያል። በማግሥቱ አበባውን ሽቅብ ይዘው የግንዱን ጫፍ በደረቅ ጨርቅ ላይ መታ መታ ያድርጉት፤ ጠብታ ካልወጣው ወደ ማስቀመጫው ይመለሳል፣ ቢቻል ግን ከረከቦቱ ራቅ ብሎ።