የድሮን ቪዲዮ ሳይነጥቅ እንዲፈስ፦ ለሰሜን ሸዋ ደጋ

ቪዲዮው ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ድሮን መቀየር ነው። ግን ባለ ሦስት አክሲስ ጊምባል (ካሜራውን በሦስት አቅጣጫ የሚያረጋጋ መያዣ) ያለው ድሮን፣ ዲጄአይ ሚኒ 2ን የመሰለው አነስተኛው እንኳ፣ ለስላሳ ምስል ማውጣት ይችላል። ጊምባል የሌለው መጫወቻ ድሮን ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለው ብዙም አይረዳችሁም።

በመጀመሪያ በሽታውን ለዩ። የቀረጻችሁትን በስልክ ሳይሆን ሰፋ ባለ ስክሪን ተመልከቱ። እንቅስቃሴው ሲጀምርና ሲቆም በድንገት የሚነጥቅ ከሆነ ችግሩ የጣትና የሴቲንግ ነው። ድሮኑ ሲዞር ምስሉ እየተቆራረጠ የሚዘል ከሆነ የሸተር ፍጥነት (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ነው። ቀጥ ያለው የመብራት ምሰሶ እየተጣመመ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ ንዝረት ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

ነፋስና ከፍታ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የመንዝ ጓሳ ከዚያም ይብሳል። አየሩ ሲሳሳ ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በኃይል መሽከርከር አለበት፤ ስለዚህ ነፋስ የሚቋቋምበት ትርፍ ጉልበት ይቀንሳል፣ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጸጥ ብሎ የቆመ ድሮን ጣርማ በር ላይ ቢንገዳገድ አይግረማችሁ። ሚኒ 3 ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ፕላስ የሚባለው ትልቁ ባትሪ የመነሻ ከፍታ ገደቡ 3,000 ሜትር ነው። ለጓሳ የሚሆነው እስከ 4,000 የሚፈቅደው መደበኛው ባትሪ ነው።

በበጋ ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው ነፋሱ ገደሉን ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ አፋፉ ላይና ከአፋፉ ጀርባ ያለው አየር ይናወጣል፣ አንዳንዴም ጉም ይዞ ይመጣል። መሬት ላይ ቅጠል አለመንቀሳቀሱ ማረጋገጫ አይሆንም። ድሮኑን ለመቅረጽ ወዳሰባችሁበት ከፍታ አውጥታችሁ የሪሞቱን ስቲክ ለቅቃችሁ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ድሮኑ ተጋድሞ የሚቆም ወይም የነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚያሳይ ከሆነ ውረዱ። በጣም ሲጋደም ጊምባሉ ማካካስ ከሚችለው ልክ ያልፋል፣ የፍሬሙ የላይኛው ጥግ ላይም ፕሮፔለር ብቅ ይላል።

የጠዋቱ ውርጭ ባትሪውን ያደክመዋል። እስክትነሡ ድረስ ጋቢ ወይም ጃኬት ውስጥ አቆዩት፤ ከተነሣችሁም በኋላ ድሮኑን አንድ ደቂቃ ያህል ዝቅ አድርጋችሁ አንሳፍፉት። በደጋው 30 በመቶ ሲቀር መመለስ ይሻላል።

ጣትና ሴቲንግ

አብዛኛው ነጠቃ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሪሞቱን ሲኔ ሞድ ላይ አድርጉ፤ ፍጥነቱም ፍሬኑም ይለሰልሳል። ይህ ማለት ግን ለመቆም ተጨማሪ ርቀት ይወስዳል ማለት ነው፤ ገደልና ዛፍ አጠገብ አትርሱት። ከዚያ አፑ ውስጥ የጊምባሉን ወደላይና ወደታች የማዘንበል ፍጥነት በሰከንድ ወደ 10 ዲግሪ አውርዱ፤ ልስላሴውን 20 እና ከዚያ በላይ አድርጉት። የድሮኑን የመዞር ፍጥነት በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ገድቡት። ኤክስፖ የሚባለው ካለ ዝቅ አድርጉት፤ የስቲኩ መሃል አካባቢ ይለሰልሳል። የሴቲንጉ ቦታና ስም እንደየሞዴሉ ይለያያል።

ስቲኩን በአውራ ጣት ብቻ ከላይ አትግፉ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጣችሁ ያዙት። ከመሃል እስከምትፈልጉት ቦታ ለመድረስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ውሰዱ፤ ስትመልሱትም እንዲሁ። ስቲኩን ለቅቆ በራሱ እንዲመለስ መተው ነው መጨረሻውን የሚያበላሸው።

ለማዞር የሚጠቅም መለኪያ አለ፦ አንድ ቤት ከፍሬሙ ዳር እስከ ዳር ለማለፍ ሰባት ሰከንድ ያህል ይውሰድበት። ይህ በሰከንድ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ስቲኩን እስከ መጨረሻው መግፋት አያስፈልግም። የቅርብ ነገር ደግሞ ከሩቁ ይልቅ ፈጥኖ ያልፋል። ከገብስ ማሳ በላይ ጥቂት ሜትር ላይ በሰከንድ 2 ሜትር መብረር ፈጣን ይመስላል፤ 60 ሜትር ላይ 6 ሜትርም ዝግ ያለ ነው። ነፋስ የሚያወዛውዘው አዝመራ ላይ በጣም ዝቅ ካላችሁ የሆዱ ካሜራ የሚንቀሳቀሰውን እህል እያየ ሊሳሳትና ድሮኑ ሊንሸራተት ይችላል፤ ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን ጂፒኤሱ ይይዘዋል።

በአንድ ጊዜ ከሁለት እንቅስቃሴ በላይ አትቀላቅሉ። ወደፊት እየሄዱ ካሜራውን ቀስ እያሉ ማቅናት ይበቃል። በጥር ሠርግ ሙሽሮቹን መዞር የሚወድ ሁሉ በእጁ ከሚታገል አፑ ውስጥ ያለውን የመዞሪያ ሞድ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ያውም ከሰው ጭንቅላት ርቆ። ሪከርድ የሚጫነው እንቅስቃሴውን ከመጀመራችሁ አምስት ሰከንድ ቀደም ብሎ ነው፤ ከቆማችሁም በኋላ አምስት ሰከንድ ይቆይ።

ፈቃድ ሳይኖር ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ድሮን ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ድምፁን ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ስለሆነ ለቀበሌውም ለአካባቢው ሰውም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጓሳ ላይ ከጭላዳ መንጋ ራቁ።

ሸተርና ኤንዲ ፊልተር

በሰከንድ 25 ፍሬም ከቀረጻችሁ ሸተሩ 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ በ50 ፍሬም 1/100። በደጋው ፀሐይ ይህን ያለ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ማግኘት አይቻልም። አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 100 ላይ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8 ለሆነው ሚኒ 2 ኤንዲ 64 ይበቃል፤ አፐርቸሩ 1.7 ለሆነው ሚኒ 3 ወደ ኤንዲ 256 ይጠጋል። ደመና ሲሆን ሁለት ደረጃ ዝቅ በሉ፤ ለምሳሌ ከ64 ወደ 16። ፊልተሩን ድሮኑ ጠፍቶ ሳለ ግጠሙት፤ ከባድ የሆነ ርካሽ ፊልተር ጊምባሉን ያንቀጠቅጠዋል። ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) እና ዋይት ባላንሱን (የቀለሙን ሚዛን) በእጅ ቆልፉ፤ አለዚያ ሰማይ በገባ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል።

ንዝረት

የፕሮፔለሩን ጠርዝ በጥፍር ዳብሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ጥንዱን ከነአዲስ ብሎኖቹ ቀይሩ። ንዝረት የሚውጡት የጊምባሉ ጎማዎች ከቦታቸው አለመውጣታቸውን እዩ። አቧራ ላይ አትነሡ፤ አራት ጥጉ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ጆንያ በቂ ነው። አድማሱ ከተንጋደደ ጊምባሉን ደልዳላ ቦታ ላይ ካሊብሬት አድርጉ።

ኤዲት

በ4ኬ ቀርጻችሁ አነስ ባለው በ1080 ብታወጡ ለኤዲት ፕሮግራሙ ማረጋጊያ የሚቆረጥ ትርፍ ጠርዝ ይኖራችኋል። የማረጋጊያውን መጠን ከዝቅተኛው ጀምሩ፤ ሲበዛ ዳርና ዳሩ ይጣመማል። በ50 ፍሬም የቀረጻችሁትን በ25 ስታጫውቱትም እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል፣ ትንሽ ነጠቃም ይደበቃል። ግን በ1/50 የተቀረጸ ቪዲዮ በነፋስ ከተንቀጠቀጠ ብዥታው በየፍሬሙ ስለሚቀር ማረጋጊያው አያጠፋውም። ነፋስ የማይቀርበት ቀን ከሆነ ፊልተሩን አውልቁና ሸተሩን 1/200 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉት፤ ምስሉ ትንሽ ቢደርቅም ኤዲት ላይ ይስተካከላል።