ሁለት ሕንፃ በራዲዮ ስታገናኙ፦ ኃይል ከመጨመራችሁ በፊት

ቢሮው እዚህ ነው፣ መጋዘኑ 3 ኪሎ ሜትር ራቅ ይላል፤ መሀል ላይ ገመድ መቅበር ደግሞ የማይታሰብ ነው። እንዲህ ሲሆን በሁለቱም ጣሪያ ላይ ባለ 5 ጊጋኸርዝ ትንንሽ ዲሽ ተክሎ ማገናኘት ጥሩ መላ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከተሰቀለ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ሰቲንግ ውስጥ ይገባና ኃይሉንም የቻናሉንም ስፋት እስከ ጥግ ይለቀዋል። ከዚያ የራሱ መስመር ይንቀራፈፋል፣ የጎረቤቱንም ይረብሻል። እኔ የምላችሁ ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ አየሩን አዳምጡ፣ ከዚያ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ተጠቀሙ።

ጣሪያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ጨርሷቸው። ኃይላቸውን ዝቅ አድርጉት፤ አጠገብ ላጠገብ ሆነው በሙሉ ኃይል ሲሠሩ ተቀባዩ ይጨናነቃል። ሰቲንጉን በኮምፒውተር የምትከፍቱበት አድራሻ (አይፒ) በዩቢኩዊቲ ኤርማክስ መሳሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.20 ነው፣ በማይክሮቲክ 192.168.88.1። ሁለቱም ዲሾች ከፋብሪካ የሚመጡት በአንድ ዓይነት አድራሻ ስለሆነ የአንዱን ወዲያው ቀይሩት፣ ለምሳሌ 192.168.1.21፤ አለበለዚያ ሲገናኙ ይጋጫሉ። የፋብሪካውን ፓስዎርድም አትተዉት። የሁለቱ ሶፍትዌር አንድ ዓይነት ስሪት ይሁን።

ከዚያ አንዱን አክሰስ ፖይንት (መስመሩን የሚያሰራጨው)፣ ሌላውን ስቴሽን (ከእሱ ጋር የሚገናኘው) አድርጉ፤ ሁለቱንም ብሪጅ ሞድ ላይ፣ ማለትም ሁለቱ ሕንፃዎች እንደ አንድ ኔትወርክ እንዲሆኑ። ደህንነቱ፣ ማለትም የመስመሩ ምስጠራ፣ ደብሊውፒኤ2 በኤኢኤስ ይሁን። ቲኬአይፒ የሚለውን የቆየ ምስጠራ አትምረጡ፣ ፍጥነቱን 54 ሜጋቢት ላይ ያስቀረዋል። ስቴሽኑን በአክሰስ ፖይንቱ ማክ አድራሻ (የመሳሪያው የራሱ መለያ ቁጥር) ቆልፉት፣ ሌላ ጋር እንዳይጣበቅ።

አገር የሚለው ቦታ ላይ ያላችሁበትን አገር ምረጡ። ሌላ አገር መርጦ ተጨማሪ ኃይል ማስከፈት የሚባል ነገር አለ፤ እባካችሁ ተዉት። ፍሪኩዌንሲ የጋራ ሀብት ነው፣ በአገራችንም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ የተፈቀደውን ከዚያ አጣሩ።

ዋናው ሥራ ቻናል መምረጥ ነው። መሳሪያው ላይ ያለውን የስፔክትረም መቃኛ (የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን) ክፈቱና አየሩን እዩት፣ በሁለቱም ጫፍ፣ ምክንያቱም ቢሮው ጋ ፀጥ ያለ ቻናል መጋዘኑ ጋ ጫጫታ ሊሆን ይችላል፤ የሚረብሻችሁ ደግሞ ተቀባዩ ጋ ያለው ጫጫታ ነው። ከተቻለ ማታ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ባለበት ሰዓት ቃኙ። በአንዳንድ መሳሪያዎች ቅኝት ሲጀመር ግንኙነቱ እንደሚቋረጥ አስቡበት።

እዚህ ላይ መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ሰው ልብ ይበል። ከ5250 እስከ 5350 እና ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የምንጋራቸው ናቸው። መሳሪያው ሲነሳ ራዳር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ቢያንስ 1 ደቂቃ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ በአውሮፓ ደንብ ደግሞ የአየር ጠባይ ራዳሮች ባሉበት ከ5600 እስከ 5650 ድረስ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። እዚያ ቻናል ላይ ከሆናችሁ መብራት ብልጭ ብሎ በተመለሰ ቁጥር 10 ደቂቃ መስመር የለም ማለት ነው። ሰው ዲሹ ተበላሸ ብሎ ጣሪያ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የተፈቀደና ንጹሕ ሌላ ቻናል ካለ እሱን ያዙ፤ ለዲሹም ትንሽ ዩፒኤስ አድርጉለት።

የቻናል ስፋት በ20 ሜጋኸርዝ ጀምሩ። ስፋቱን በእጥፍ ባሳደጋችሁ ቁጥር ተቀባዩ የሚሰማው ጫጫታ በ3 ዲቢ ይጨምራል (ዲቢ የሲግናል መለኪያ ነው፤ 3 ዲቢ እጥፍ ማለት ነው)። አየሩ ንጹሕ ከሆነ ወደ 40 እለፉ። ከተማ ውስጥ 80ን እርሱት።

አሁን ኃይል። በ5800 ሜጋኸርዝ ሲግናሉ 3 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ወደ 117 ዲቢ ያጣል። ሁለት ባለ 23 ዲቢአይ (ዲሹ ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን) ዲሽ ካላችሁና ኃይሉን 15 ዲቢኤም (የኃይል መለኪያ) ካደረጋችሁት፣ 15 ሲደመር 23 ሲደመር 23፣ ከዚያ 117 ስትቀንሱ ነጌቲቭ 56 ዲቢኤም አካባቢ ይመጣል። በጣም ጥሩ ነው! ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ይበረታል፤ ከነጌቲቭ 50 እስከ ነጌቲቭ 65 ድረስ ያለው ሁሉ ይሠራል። ኃይሉን 25 ለማድረግ ምንም ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ማጉያው ከአቅሙ ጥግ ሲደርስ ሲግናሉ ይዛባል፣ ከፍተኛውም ፍጥነት የሚመጣው ሲግናሉ ጥርት ሲል ነው።

ይህ ስሌት ሌላም ይጠቅማል። ነጌቲቭ 56 ጠብቃችሁ ነጌቲቭ 75 ካያችሁ ኃይል አትጨምሩ፣ ዲሹን አዙሩ። ምናልባት የያዛችሁት የዲሹን ዋና ጨረር ሳይሆን የጎኑን ደካማ ጨረር ነው። መጀመሪያ ግራና ቀኝ፣ ቀጥሎ ላይና ታች፣ በአንድ ጊዜ አንዱን ጫፍ ብቻ፣ በጣም ቀስ እያላችሁ። የሁለቱ ቼይን (ዲሹ ውስጥ ያሉት ሁለት የሲግናል መስመሮች) ንባብ ከ5 ዲቢ በላይ ከተለያየም አቅጣጫውን ወይም መሀል ያለውን እንቅፋት ጠርጥሩ።

እንቅፋት ስል ዓይን ማየቱ ብቻ አይበቃም። በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት መሀል ላይ ከቀጥታው መስመር ዙሪያ ወደ 3.7 ሜትር ያህል ባዶ መሆን አለበት። ባሕር ዛፍ ደግሞ ቶሎ ያድጋል። በበጋ የተተከለ መስመር በክረምት የሚደክመው በዚህ ርቀት ከዝናቡ ይልቅ በረጠበው ቅጠል ነው።

ሰቲንግ ውስጥ ርቀት የሚለውን ከትክክለኛው ትንሽ አስበልጡ፣ 3 ከሆነ 3.5 በሉት። ካነሰ መሳሪያው መልሱ ሳይደርሰው ደጋግሞ ይልካል፤ ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ፍጥነት ከሌለ መጀመሪያ እዚህ እዩ።

ሥራ ከጀመረ በኋላ ስፋት ወይም ፓስዎርድ ስትቀይሩ ሁልጊዜ ሩቅ ካለው ጀምሩ። ቅርቡን ካስቀደማችሁ መስመሩ ይቆረጥና መጋዘኑ ድረስ መሄድ ነው። ኤርማክስ ላይ ቴስት የሚለው ቁልፍ አለ፤ በ180 ሴኮንድ ውስጥ ካላጸደቃችሁት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማይክሮቲክ ላይ ሴፍ ሞድ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሲያልቅ የሁለቱንም ባክአፕ ፋይል አውርዱ፣ የሲግናሉን ንባብም ከነቀኑ ጻፉበት፤ ነገ ሲዳከም የምታወዳድሩት ከዚያ ጋር ነው።