ኩቴክሱ ለምን ይገፈፋል? የቤት ውስጥ የጥፍር ዲዛይን ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ጥፍር ስቀባ ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ ለእህቶቼ ነበር። ቀጥሎ ለጎረቤት፣ አሁን ደግሞ ጥር በመጣ ቁጥር ለሚዜ ሁሉ ሆነ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ቤቱ ሞክሮ ከተበላሸበት በኋላ ስለሆነ፣ የሚበላሸውን ነገር በደንብ ለይቼዋለሁ። "አንቺው ቀባሽኝ፣ በማግስቱ ተነሳ" ብለው የሚመጡም አሉ። ለነሱም መልስ አለኝ።

ጥፍር መሞረዱን፣ ቤዝ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ሽፋን) ማስቀደሙን፣ ሁለት ጊዜ ሳሳ አድርጎ መቀባቱን እዚህ አልደግመውም። እሱን ታውቂዋለሽ።

ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሙሉውን ይነሳል

ከሚመጡልኝ ቅሬታዎች አብዛኛው ይሄ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ መጀመሪያ አነሳሱን እዪ። ከጫፉ ከተፈረፈረ የጥፍርሽን ጠርዝ አልሸፈንሽውም። ብሩሹን ጠርዙ ላይ አንዴ ሳብ አድርጊው፣ ያበቃል። ከሥሩ በኩል ከተነሳ ቀለሙ ቆዳሽ ላይ ወጥቷል። ስትቀቢ ከቆዳው የፀጉር ያህል ራቂ። መሃል ለመሃል ከተሰነጠቀ አወፍረሽ ቀብተሻል፣ ወይ ቀለሙ አርጅቷል።

የጥፍርሽን ቅርፅ እንደያዘ፣ አንድ ቁራጭ ሆኖ ከተላጠ ግን ቀለሙን አትርገሚ። ከሥሩ ቅባት አለ።

ቅባት ከየት እንደሚመጣ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አናት ላይ ለጋ ቅቤ፣ እጅ ላይ ቫዝሊን፣ ክንድ ላይ ሎሽን፣ ድስት ውስጥ ዘይት። እጃችን ቀኑን ሙሉ ከቅባት አይወጣም።

አንድ ጥር ለሦስት ሚዜዎች ሠራሁ። ነጭ መደብ ላይ የነጠላ ጥለት የመሰለ ዲዛይን፣ በወርቃማና በአረንጓዴ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጨረስን። ሁለቱ ሠርጉንም መልሱንም ፏ እንዳሉ አለፉት። ሦስተኛዋ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደወለች። አራት ጥፍሯ ባዶ ነው። ዲዛይኖቹን አንሶላው ላይ ለቅማ አገኘቻቸው፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይበላሽ! እኔ ቀለሙን የሸጠልኝን ሰውዬ ስረግም አረፈድኩ። ኋላ ሳጣራ፣ ልጅቷ ቀኑን ቅቤ ተቀብታ ነው የዋለችው። ወደ ማታ በሻምፖ ታጥባለች፣ ግን ቅቤው ጥፍሯ ዙሪያ ቀርቷል። እኔስ? አሴቶን፣ ያው የኩቴክስ ማስለቀቂያውን፣ አስነክቻለሁ። ችግሩ ለ10ሩም ጣት አንድ ጥጥ መጠቀሜ ነው። ከአንዱ ጥፍር ያነሳሁትን ቅቤ ለሌላው አከፋፈልኩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ሳምንት ሙሉ ፈጀብኝ። ጥጥ እየቀየርኩ፣ ጥፍር በጥፍር እየጠረግኩ፣ አሁንም ይነሳል። ቤዝ ቀየርኩ። ቀለም ቀየርኩ። የቧንቧውን ውሃ ሳይቀር ጠረጠርኩ። መጨረሻ ላይ የማስለቀቂያውን ጠርሙስ አየሁት። ሮዝ ነው፣ ይሸታል፣ "ጥፍር ያለሰልሳል" ይላል። የሚያለሰልሰው እኮ ውስጡ ቅባት ስላለ ነው። ለማስለቀቅ ምንም አይወጣለትም፣ ጥፍር አያደርቅም። ከመቀባት በፊት ግን በእሱ መጥረግ ቅባትን በቅባት ማፅዳት ነው።

አንቺም ጠርሙስሽን ፈትሺ። መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርጊና ጠብቂ። ንፁህ አሴቶን ምንም ሳይተው ይተናል። ደመና የመሰለ ነገር ከቀረ ቅባት አለው።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። እጅ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፣ ጥፍሩ ሥርና ዙሪያው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል። "ቆዳ ያለሰልሳል" የሚል ሳሙና አልፈልግም፣ እሱም ያው ነው። ከዚያ ይደርቃል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። እዚህ ላይ ሁሉም ይቸኩላል። ጥፍር ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ልብስ አጥበሽ እንደተነሳሽ ከቀባሽ ጥፍርሽ ከቀለሙ ሥር ሲሸበሸብ ቀለሙ አብሮት አይሄድም፣ ይለቃል። ስለዚህ ጥፍር ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚባለውን ነገር ቀለም በምንቀባበት ቀን አላደርገውም።

ከደረቀ በኋላ በንፁህ አሴቶን ወይም በ70 ፐርሰንት አልኮል ይጠረጋል። ለእያንዳንዱ ጥፍር የራሱ ጥጥ። ከዚያ በኋላ ፀጉር መነካካት የለም፣ ፊት ማከክ የለም፣ ስልክ የለም። ስልክሽ ላይ ያለው የጣት አሻራ ምን ይመስልሻል? ቅባት ነው።

ተጠራጥረሽ ከሆነ ጥፍርሽ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ አኑሪ። ድቡልቡል ብላ ከቆመች ቅባቱ አልለቀቀም። ተዘርግታ ከሳሳች ንፁህ ነው። ውሃውን በአልኮል ጠርገሽ ወዲያው ቤዙን ቀቢ።

አያቶቻችን በእንሶስላ ጣታቸውን ሲያቀሉ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም። እንሶስላ ጥፍሩ ውስጥ ይገባል፣ ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ አብሮት ይኖራል። ኩቴክስ ግን ላዩ ላይ የተኛ ስስ ሽፋን ነው፤ የሚይዘው ከሥሩ ያለው ጥፍር ንፁህ እስከሆነ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ እንሶስላ ወይም ሂና ካለብሽ ነጭና ሮዝ ቀለም ወደ ብርቱካናማ ይሄድብሻል። ጠቆር ያለ ቀለም ምረጪ።

ሌላ ደግሞ አለ። ሐይቁ ዳር አሳ የሚጠብሱ፣ እኔ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው። ጥፍራቸውን አፅድቼ፣ ጠብታውን ሞክሬ፣ ሁሉን አሟልቼ ቀባሁ። በሁለተኛው ቀን ተነሳ። "እትዬ፣ መቼ ሥራ ገቡ?" ስላቸው "ልጄ፣ ካንቺ ወጥቼ በቀጥታ ነዋ! ቆሮሶውን አሳ ማን ይጠብስልኝ?" አሉኝ። ኩቴክስ በ15 ደቂቃ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል። እውነተኛው መጠንከር ግን ሰዓታት ይፈጃል፣ ሌሊቱን ሊወስድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈላ ዘይት፣ የሞቀ ውሃና በረኪና ከነካው አለቀለት። አሁን እትዬን ማታ ነው የምቀባቸው፣ ተኝተው ያድራሉ። ጓንት አልወድም ስላሉኝ በየ3 ቀኑ ቶፕ (ከቀለሙ በላይ የሚቀባውን ሽፋን) እየደረቡ ነው። ሳምንት ይቆይላቸዋል።

ቶፕ ስቀባ ዲዛይኑ ይጎተታል

በክብሪት እንጨት ያማረ አደይ አበባ ትሠሪያለሽ። አምስት ቢጫ ነጠብጣብ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቡናማ። ቶፕ ስታስነኪው አበባው ጭራ ያወጣል። ነጠብጣብ ወፍራም ነው፣ ከመደቡ ዘግይቶ ነው የሚደርቀው። 20 ደቂቃ ስጪው። ከዚያ ብሩሹ ላይ ቶፕ በዛ አድርገሽ፣ ፈሳሹ ብቻ ጥፍሩን እንዲነካ አንሳፍፈሽ አሳልፊው። ብሩሹ ዲዛይኑን አይጫነው። አንዴ ካለፍሽ አትመለሺ።

በእስክሪብቶ የምትስሉ ተማሪዎች ደግሞ፣ እባካችሁ። የእስክሪብቶ ቀለም ቶፕ ሲነካው ይሟሟል፣ ጥፍሩ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ቀጭን መስመር ከፈለግሽ ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ኩቴክስ ነክረሽ ሳቢ።

መስመሩ ፕላስተሩ ሥር ይገባል

ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት የምትለጥፊውን ፕላስተር መደቡ ሳይደርቅ ለጥፈሻል ወይም ጠርዙን አልተጫንሽውም። ፕላስተሩን አስቀድመሽ እጅሽ ጀርባ ላይ ለጥፈሽ አንሺው፣ ሙጫው ይቀንስና መደቡን አይነቅልም። የላይኛውን ቀለም ከቀባሽ በኋላ ግን እንዲደርቅ አትጠብቂ፤ እርጥብ እያለ ንቀይው።

አረፋ ያወጣል

ጠርሙሱን እንደ ሽሮፕ ስለናጥሽው ነው። በሁለት መዳፍሽ መሃል አንከባይው። ሌላው ምክንያት የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ ወይም ቬንትሌተር ፊት ከተቀመጥሽ ላዩ ቶሎ ቆዳ ያበጃል፣ ሥሩ ያለው ትነት መውጫ ያጣና ያብጣል። ጥላ ውስጥ፣ አሳስተሽ ቀቢ። ማታ ሐይቁ ዳር አምፖል ሥር መቀባትም አይሆንም፤ ትንኙ እርጥብ ቀለም ላይ ሲያርፍ ማየት አልወድም።

ቀለሙ ክር ይስባል፣ አይዘረጋም

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ቀሽም ኩቴክስ ክዳኑ አይገጥምም፣ ብሩሹ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨባሯል፣ የታወቀ ስም ተለጥፎበታል ግን ፊደሉ ተሳስቷል። ገና ሳትገዢው ግማሹ ተንኗል። ከመግዛትሽ በፊት ክፈቺው። ብሩሹን አውጪ። ቀለሙ እንደ ማር ከተጎተተ መልሰሽ ስጪ።

አሴቶን ጨምሮ ማቅጠን የሚባለውን ምክር ማን እንደጀመረው ባገኘው ደስ ይለኛል። ለዛሬ ይቀጥናል፣ ነገ ግን ደብዝዞ፣ ተቆራርጦ፣ የማይዝ ቀለም ይሆናል። ለኩቴክስ ተብሎ የተሠራ ማቅጠኛ አለ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። ካላገኘሽ ጣይው። የራስሽ ጥፋት ደግሞ የጠርሙሱን አንገት አለመጥረግሽ ነው። የደረቀ ቀለም ክዳኑን ስለሚከለክለው አየር ይገባል።

ጄል አይደርቅም

ጄል የሚባለው የጥፍር ቀለም በአየር አይደርቅም፣ ለእሱ በተሠራ ላምፕ (የዩቪ መብራት) ብርሃን ነው የሚጠነክረው። አንድ የሰፈራችን ልጅ ጠርሙሱን ኩቴክስ መስሏት ቀብታ፣ ሁለት ሰዓት እፍ እፍ ስትል ቆይታ፣ ተስፋ ቆርጣ ተኛች። ትራሱ እስከ ዛሬ ወይን ጠጅ ነው። ላምፕ ካለሽና ካልጠነከረ አወፍረሽዋል ወይም አምፖሎቹ ደክመዋል። አውራ ጣትሽ ብቻ ካስቸገረ ጎኑን ሰጥቶ ስለሚገባ ነው፣ ለብቻው አስገቢው። ከጠነከረ በኋላ ላዩ ላይ የሚቀረው ሙጫ ነገር ግን ብልሽት አይደለም፣ በአልኮል ጥረጊው።

ያልጠነከረ ጄል ቆዳሽን አይንካ። እየነካ ከቆየ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፣ አለርጂው ደግሞ አንዴ ከጀመረ አይለቅሽም። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ በአሴቶንና በአልኮል ጠርገሽ ሌላ ቀን ጀምሪው። በጥርስሽ ደግሞ አትላጪው፣ የራስሽ ጥፍር አብሮ ይነሳል።

አሴቶንና ከሰል

ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ግን ሳልናገር አላልፍም። ቡና እየተፈላ አሴቶን አትክፈቺ። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ወለሉን ይሄዳል፤ ከሰሉ ያለው ደግሞ እዚያው ወለል ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሻማ ከበራም እንደዚያው። የነከርሽውን ጥጥ ምድጃ ውስጥ አትጣይ። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣ፣ ከሰሉ ይጥፋ፣ ከዚያ እንቀባለን።

ሱፐር ግሉ ደግሞ ጥጥ ላይ አይፍሰስ። ወዲያው ይግላል፣ ጣት ያቃጥላል። አርቲፊሻል ጥፍር የምትለጥፊ ከሆነ ለጥፍር የተሠራ ሙጫ ግዢ፣ ሲፈስብሽም በጥጥ ልጠርገው አትበይ።

ጥፍሬ ቢጫ ሆነ

ቤዝ ሳታስቀድሚ ቀይ ቀለም ቀብተሻል። እርድ ስታቦኪም ይሆናል። አድጎ እስኪወጣ ጠብቂ፣ የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሙልጭ ብሎ ለመውጣት ግማሽ ዓመት ይፈጃል።

ጥፍሬ አረንጓዴ ሆነ

በተላቀቀ አርቲፊሻል ጥፍር ሥር ውሃ ገብቶ ባክቴሪያ አብቅሏል። አውልቂው፣ ቀለም አትደርቢበት፣ ሐኪም አሳዪ።

ለወሊድ ወይም ለኦፕሬሽን ሆስፒታል የምትገቢ ከሆነም አስለቅቀሽ ሂጂ። ጣት ላይ የሚሰኩት የኦክስጅን መለኪያ በጠቆረ ቀለም ላይ ሊሳሳት ይችላል። ሐኪሞቹም የጥፍርሽን መልክ ማየት ይፈልጋሉ። አሴቶን ካጣሽ በእኔ በኩል እለፊ፣ ሮዟ ጠርሙስ እስከ ዛሬ አላለቀችም።