ሴፍቲ ኔት ሆስፒታል ስፔሻሊስት ቀዶ ሐኪም ሲያስፈርም፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ «ሴፍቲ ኔት» የሚባሉት ሆስፒታሎች ኢንሹራንስ ያለውንም የሌለውንም ታካሚ ይቀበላሉ። የአትላንታው ግሬዲ፣ የዳላሱ ፓርክላንድና የኒው ዮርኩ ቤልቪው የታወቁ ናቸው። ብዙዎቹ ቀዶ ሐኪሞቻቸውን ሁሉ ራሳቸው አይቀጥሩም። ከሕክምና ትምህርት ቤት ወይም ከግል የሐኪሞች ቡድን ጋር ውል ይገባሉ። ግሬዲ ላይ የሚሠሩት ሐኪሞች በአብዛኛው የኤሞሪና የሞርሃውስ ናቸው፤ ፓርክላንድ ላይ ደግሞ የዩቲ ሳውዝዌስተርን።

ውሉን የሚያዘጋጁ ሰዎች ዓይን ዋጋው ላይ ነው። ከዋጋው በፊት ግን መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ታካሚው ከድንገተኛ ክፍል በር ጀምሮ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ኃላፊው ማን ነው? ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር የሚመጡ ናቸው።

«24 ሰዓት ተረኛ ይኖራል» ብሎ ማለፍ

ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ተረኛው በስልክ ምክር ሰጥቶ ይተኛል ወይስ ይመጣል? በስንት ደቂቃ? በዚያው ሌሊት ለሌላ ሆስፒታልም ተረኛ ቢሆንስ?

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ኤምታላ የተባለው የፌዴራል ሕግ ሆስፒታሉ የተረኛ ሐኪሞች ዝርዝር እንዲይዝ ያስገድዳል። ተጠርቶ አልመጣም ያለ ሐኪም ከሆስፒታሉ ጋር አብሮ ሊቀጣ ይችላል። ሕጉ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሆስፒታል ተረኛ መሆንን አይከለክልም። ተረኛው ሌላ ቦታ ቢያዝ ምን እንደሚደረግ ግን ሆስፒታሉ በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት።

ትራውማ፣ ማለትም ከባድ የአደጋ ጉዳት የሚቀበል ሆስፒታል ላይ ነገሩ የበለጠ ጥብቅ ነው። በአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ መስፈርት፣ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ የትራውማ ማዕከል ለከባድ ጉዳት ጥሪ ሲደረግ የትራውማ ቀዶ ሐኪሙ በ15 ደቂቃ ውስጥ ታካሚው አጠገብ መገኘት አለበት። ውሉ ላይ «በተገቢው ፍጥነት» ተብሎ ከተጻፈ ሆስፒታሉ ደረጃውን ለመጠበቅ ሲለፋ ቡድኑን የሚይዝበት ነገር የለውም። ደቂቃው በቁጥር ይጻፍ። የመጠባበቂያ ተረኛው ማን እንደሆነም ይጻፍ።

ለኦፕሬሽኑ ብቻ መክፈል

ይህኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንዳንድ ውሎች ለቀዶ ሐኪሙ ከታካሚውና ከኢንሹራንሱ በሚሰበሰበው ገንዘብ ልክ ይከፍላሉ። ለሴፍቲ ኔት ሆስፒታል ከዚህ የባሰ አከፋፈል አላውቅም። ኢንሹራንስ የሌለው ታካሚ በነፃ የሚታከም ሥራ ይሆናል፣ ሐኪሙም ሰው ነውና ወደሚከፈልበት ያዘነብላል።

ሌሎቹ በሥራ ነጥብ ይከፍላሉ። እያንዳንዱ ሕክምና «አር ቪ ዩ» የሚባል ነጥብ አለው፤ ነጥቡ በተስማሙበት ዋጋ ይባዛል። ታካሚው ማንም ይሁን ነጥቡ ያው ስለሆነ ይህ ይሻላል። ግን የራሱ ጣጣ አለው። በሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) አሠራር ለትልቅ ቀዶ ሕክምና የተሰጠው ነጥብ ከዚያ በኋላ ያሉትን 90 ቀናት መደበኛ ክትትልም ይጨምራል። ክትትሉ ለብቻው ነጥብ የለውም። ስለዚህ በነጥብ ብቻ የሚከፈለው ሰው ከክትትል ቀጠሮ ይልቅ ቀጣዩን ኦፕሬሽን ቢመርጥ አይገርምም። ሌሊት መጥቶ፣ ታካሚውን አይቶ፣ «ይህ ቢላ አይነካውም» ብሎ የሚመለስ ጥሩ ሐኪምም ከቀደደው በጣም ያነሰ ያገኛል። ለተረኝነቱ ቋሚ ክፍያ፣ ለተመላላሽ ክፍል የተወሰነ ክፍያ፣ ከዚያ በላይ ለሥራው ነጥብ ብሎ መቀላቀል ይሻላል።

ታካሚው ቤት ከገባ በኋላ ያለውን መርሳት

እግሩ በውጭ ብረት የታሰረ ሰው ከሆስፒታል ይወጣል። ብረቱን ማን ይፈታለታል? ኢንሹራንስ ያለው ሰው ወደ ሐኪሙ የግል ቢሮ ይሄዳል። የሌለው ግን ወደ ቢሮው ሲደውል «አንቀበልም» ይባላል፣ ከዚያ ድንገተኛ ክፍል ተመልሶ ይሰለፋል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ የሚደርሰው ወጪ የሆስፒታሉ ነው።

ስለዚህ ተመላላሽ ክፍል በሳምንት ስንት ግማሽ ቀን እንደሚከፈት፣ ታካሚው በስንት ቀን ውስጥ ቀጠሮ እንደሚያገኝ፣ ሐኪሙ ቢለቅ ታካሚዎቹን ማን እንደሚረከብ ውሉ ውስጥ ይግባ። አንዳንድ ቡድኖች ይህን ሲያዩ ዋጋ ይጨምራሉ። ይጨምሩ። በመጀመሪያ የሰጡት ዋጋ ግማሹን ሥራ ትቶ ነበር ማለት ነው።

ሐኪሙን አስፈርሞ ክፍሉን አለማዘጋጀት

የእጅ ስፔሻሊስት መጣ። ማይክሮስኮፑ የለም፣ የኦፕሬሽን ክፍል ቀን አልተመደበለትም፣ አንስቴዥያ የሚሰጥ ሰው አልተያዘም። ቋሚ ክፍያው ግን ከመጀመሪያው ቀን ይቆጥራል። ከፊርማ በፊት የኦፕሬሽን ክፍሉን የምትመራዋን ነርስ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ከማንም በላይ ታውቃለች።

የሥራ መጀመሪያ ቀንን ካላንደር ላይ በግምት ማስቀመጥ

የሙያ ፈቃድ፣ የሥልጠና ማስረጃና የቀድሞ ሥራ ማጣራት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረውን ብሔራዊ የሐኪሞች መረጃ ቋት የመጠየቅ ግዴታም አለበት፤ የሕክምና ስህተት ካሳና የፈቃድ እገዳ እዚያ ይመዘገባል። ማጣራቱ ሳያልቅ የተረኛ ሰሌዳ ላይ ስም መጻፍ የለበትም።

የሕክምና ስህተት ኢንሹራንሱን አለማንበብ

ይህ ሐኪሙ በሕክምና ስህተት ሲከሰስ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው። ብዙ ፖሊሲዎች የሚሸፍኑት ፖሊሲው በሥራ ላይ እያለ የቀረበን ክስ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ለሚመጣ ክስ ተጨማሪ ሽፋን ይገዛል፣ ርካሽም አይደለም። ማን እንደሚከፍል ዛሬ ካልተጻፈ ለመለያየት ቀን ጠብ ይተርፋል።

ተጨንቆ መፈረም

በአካባቢው ያለው የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ቡድን አንድ ብቻ ነው። «ካልጨመራችሁ እንሄዳለን» ይላል። አስተዳደሩ የተጠየቀውን ይከፍላል። እዚህ ላይ የሕግ ችግርም አለ። ስታርክ የሚባለው ሕግና የፀረ ጉቦ ሕጉ ለሐኪም የሚከፈለው ከገበያ ዋጋ እንዳያልፍና ከሚልካቸው ታካሚዎች ብዛት ጋር እንዳይያያዝ ይፈልጋሉ። ተጨንቀው የተስማሙበትን ዋጋ በኋላ በማስረጃ መደገፍ ያስቸግራል። ገለልተኛ የዋጋ ግምት ከድርድሩ በፊት ይሠራ እንጂ ከፊርማው በኋላ አይፈለግ።

የመውጫ አንቀጹም እዚሁ ላይ ይገባል። በብዙ ውል ማንኛውም ወገን በ90 ቀን ማስታወቂያ ያለ ምክንያት መውጣት ይችላል። አዲስ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ፈልጎ፣ አጣርቶ፣ ሥራ ለማስጀመር ግን 90 ቀን አይበቃም። ቢያንስ 180 ቀን ጠይቁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተረኛ ሰሌዳው እንዳይጓደልና ኦፕሬሽን የተደረገላቸው ታካሚዎች ዝርዝር ከነቀጠሯቸው ለተተኪው እንዲሰጥ አብሮ ይጻፍ።