ሹራቡ ሲንጣጣ፦ ኮክሌር ኢምፕላንት ያለው ሰው ቤት የስታቲክ ነገር

ኅዳር ላይ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ሞቋታል። ሹራቧን እንደ ልማዴ በጭንቅላቷ ጎትቼ አወለቅኩላት። ጠጥ ጠጥ አለ፤ ፀጉሯ ሽቅብ ቆመ። ጆሮዋን ይዛ አየችኝና "እማዬ፣ ጠፋ" አለች።

ልጄ የምትሰማው በኮክሌር ኢምፕላንት ነው፤ ጆሮው ለማይሰማ ሰው ድምፅን በኤሌክትሪክ ወደ መስሚያ ነርቭ የሚያደርስ መሣሪያ። ስሟን ጠራሁ፤ ዝም። ጆሮዋ ላይ የሚንጠለጠለው የውጭው ክፍል፣ የፕሮሰሰሩ መብራት እንደ ወትሮው ብልጭ ይላል፣ ማግኔቱም ቦታው ላይ ነው፣ ድምፅ ግን የለም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ባትሪውን አወጣሁ፣ ትንሽ ጠብቄ መለስኩት፣ መልሼ አደረግኩላት። "መጣ" አለችኝና ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ኦዲዮሎጂስቷን (የመስማት ባለሙያዋን) እየጠየቅኩ፣ የመሣሪያውን መመሪያ እያገላበጥኩ፣ ቤት ውስጥም እየሞከርኩ ሦስት በጋ አልፏል። አዳማ ሆናችሁ ኮክሌር ኢምፕላንት ያለው ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ እኔ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ነገሩ ምንድነው?

ስታቲክ ሁለት ነገሮች ሲነካኩና ሲፋተጉ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ነው። ናይለን ከፀጉር፣ ፖሊስተር ከቆዳ፣ ቀሚስ ከፕላስቲክ ወንበር ጋር ሲታሽ ሰውነታችን ላይ ይከማቻል። ከዚያ ብረት ወይም ሌላ ሰው ስንነካ ባንዴ ይወጣል። "ነዘረኝ" የምንለው እሱን ነው። እንዲሰማን ወደ 3,000 ቮልት ገደማ መድረስ አለበት። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ግን አይዟችሁ፣ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ያልቃል። ሰው አይጎዳም። ለስስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው።

ክረምት ላይ አየሩ እርጥበት ስላለው ቻርጁ፣ ማለትም ያ ኤሌክትሪክ፣ ብዙ ሳይጠራቀም ቀስ እያለ ይሸሻል። በጋ ላይ የሚሸሽበት የለውም። አዳማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይደርቃል፣ ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ያ ንፋስ ቀኑን ሙሉ አቧራ ይዞ ይዞራል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ክንድ ይነጣል። ሐዋሳ ያለች ጓደኛዬ ስነግራት "እኛ ጋ እንኳን እንዲህ አይብስም፣ ሐይቁ አለ" ትለኛለች። ታድላ። እኛ ጋ ያለው አቧራ ነው።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በቀዶ ጥገና ከቆዳ ሥር የተቀመጠው ነው፤ ከሱ የሚወጣው ቀጭን ገመድ እስከ ኮክሊያ (የውስጠኛው ጆሮ የመስሚያ ክፍል) ውስጥ ገብቶ፣ እንደ አምራቹ 12፣ 16 ወይም 22 ኤሌክትሮዶች ይዟል። ሁለተኛው ውጭ ያለው ነው፦ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ፕሮሰሰር፣ ኬብሉ፣ በማግኔት የሚለጠፈው ኮይል። ስታቲክ የሚያሳስበን በዋናነት የውጭውን ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ማፕ የሚባል ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ለዚያ ሰው ምን ያህል ዝቅ፣ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ኦዲዮሎጂስቱ ለክቶ ያስገባው ልክ ነው። ጠንከር ያለ ብልጭታ ሲመታው ፕሮሰሰሩ እንደ ስልክ ሊደርቅ ይችላል፤ ከባሰም ማፑ ሊበላሽ ይችላል።

ይህ በድሮዎቹ፣ ወገብ ላይ እንደ ሬዲዮ በሚታጠቁትና ረጅም ሽቦ ባላቸው፣ የባሰ ነበር። የአሁኖቹ መከላከያ ተሠርቶላቸዋል። በሦስት በጋ ውስጥ እኔ ያየሁት ያንን አንድ ቀን ብቻ ነው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ፈርታ በጋውን ሙሉ ልጇን ከፕሮሰሰር ያራቀች እናት አውቃለሁ። ቋንቋ እየለመደ ያለ ልጅ ሳይሰማ የዋለበት ቀን ከማንኛውም ብልጭታ የበለጠ ያስከፍለዋል። የሚወልቅባቸው ደቂቃዎች አሉ፤ እነሱን ለዩና ቀሪውን ቀን ተዉት።

ሲለብሱ መጨረሻ፣ ሲያወልቁ መጀመሪያ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ጠዋት ልብሱ ሁሉ ተለብሶ ካለቀ በኋላ ነው ፕሮሰሰሩ የሚደረገው። ማታ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ወልቆ ቦታው ከተቀመጠ በኋላ ነው ሹራብ የሚጎተተው። የኔ ስህተት ይኸው ነበር፤ ያን ቀን ሹራቡን አስቀደምኩ።

የዩኒፎርም ሹራብ አብዛኛው አክሪሊክ ነው፣ ከሱ የባሰ የለም። ትምህርት ቤቱን ሹራብ ቀይሩ ማለት አይቻልም። እኔ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ከፊት አስቀድጄ ዚፕ አስገባሁበት፤ አሁን በጭንቅላት አይወጣም። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ፊታቸውን አጠቆሩ፣ ምክንያቱን ሲሰሙ ግን ተዉኝ።

ሻሽም እንዲሁ ነው። የሚያብረቀርቀው ፖሊስተር ሻሽ ኮይሉ ላይ ሲንሸራተት ይውላል። ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታደርጉ የጥጥ ምረጡ፤ ማግኔቱም ቶሎ ቶሎ አይነቀልባችሁም።

መጀመሪያ ብረት፣ ቀጥሎ ልጅ፣ ከዚያ መሣሪያ

ሁለተኛው ነገር የእጅ ቅደም ተከተል ነው። ፕሮሰሰሩን ከመንካታችሁ በፊት የበር እጀታ፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የውሃ ቧንቧ ንኩ፤ ያለባችሁ ቻርጅ እዚያ ይውጣ። ከዚያ የልጁን እጅ ወይም ትከሻ ያዙ። አሁን ሁለታችሁ እኩል ሆናችኋል ማለት ነው፣ በመካከላችሁ የሚዘል ብልጭታ የለም። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ንኩት። ሲነበብ ረጅም ነው፣ ሲሠሩት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ችግሩ ያለው እንግዳ ላይ ነው። አገራችን ልጅ ሰላም የሚባለው ጭንቅላቱን በመዳበስ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ከሶፋ ላይ ተነስተው፣ ያቺ የሚወዷት ናይለን ቀሚስ ከሶፋው ጋር ተፋትጋ፣ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ሞኬቱን አቋርጠው መጥተው "የኔ ቆንጆ" ብለው እጃቸውን በቀጥታ ኮይሉ ላይ ያሳርፋሉ። እንዲህ አትንኳት ብሎ ማለት ደግሞ ይከብዳል፤ ይቀየማሉ። እኔ መላ የዘየድኩት ልጄን በማስተማር ነው። እንግዳ ሲመጣ ቀድማ እጇን ትዘረጋለች። እሳቸውም እጇን ይዘው ይስማሉ፣ ቻርጁም በዚያው ይወጣል። ሰፈሩ ሁሉ ሥርዓት ያላት ልጅ ይላታል፤ ሚስጥሩን አላወቁም።

ከታክሲና ከባጃጅ ስትወርዱ ደግሞ ከመቀመጫው ሳትነሱ ብረቱን ያዙ፣ ብረቱን እንደያዛችሁ ውረዱ። በተለይ ወንበሩ የጨርቅ ልብስ የለበሰ ከሆነ። ከወረዱ በኋላ መንካት ግን ቀድሞ የተጠራቀመውን ባንዴ መቀበል ነው፣ ጣት ይነዝራል።

ሸርታቴ

የፕላስቲክ ሸርታቴ የስታቲክ ፋብሪካ ነው። አንድ ልጅ በደረቅ ቀን ከላይ እስከ ታች ሲንሸራተት ከ10,000 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል። ትራምፖሊን፣ በአየር የሚነፋው መዝለያና የፕላስቲክ ኳስ የሞላው ገንዳም ከዚያው ወገን ናቸው። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም፦ ፕሮሰሰሩም ኮይሉም ይወልቃሉ። በፌስታል አትጠቅልሉት፤ መያዣው ከሌለ ከጥጥ ጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ይበቃል።

"የብረቱ ይሻላላ?" ትሉ ይሆናል። በስታቲክ በኩል አዎ፣ የፕላስቲኩን ያህል አያሰጋም። ግን የአዳማን የስድስት ሰዓት ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ የብረት ሸርታቴ ምጣድ ነው፣ እንጀራ ይጋገርበታል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሂዱ።

ፕሮሰሰሯ ሲወልቅ ልጄ ምንም አትሰማም። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ተስማምተናል፤ ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ ሳወዛውዝ ወደኔ ትመጣለች፣ በየዙሩ ደግሞ ላይ ስትደርስ ዓይኔን ፈልጋ ታየኛለች። እኔም ስልክ አላይም። ጨዋታው ሲያልቅ የብረቱን ምሰሶ ትነካለች፣ እጇን እይዛለሁ፣ ከዚያ አደርግላታለሁ።

ረስታችሁት ከነፕሮሰሰሩ ቢንሸራተትስ? አትደንግጡ። ዘላችሁ ጭንቅላቱን አትንኩ። ብረቱን በእጁ ያስነኩት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ቤት ውስጥ

ያ ወፍራምና ለስላሳ፣ አበባና ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ ሰው ሠራሽ ነው። በጨለማ ብታራግፉት ብልጭታውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ልጄ ከሱ ሥር የምትገባው ፕሮሰሰሩን አውልቃ ነው። ቀን ጋደም ስትል ጋቢ ነው የምሰጣት፤ ጥጥ ነው፣ ጠብ የለውም።

ልብስ ስታጥቡ በመጨረሻው ውሃ የልብስ ማለስለሻ ጨምሩ። ካጣችሁ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጉ፤ ሲደርቅ አይሸትም። ጨርሶ እስኪንኳኳ ፀሐይ ላይ አታውሉት። ለቆዳ ሎሽን ወይም ቫዝሊን ጥሩ ነው፣ ደረቅ ቆዳ ቻርጁን አጥብቆ ይይዛል። ፀጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ ሳይሆን በእንጨት ሚዶ ይሁን፤ ሲበጠርም መሣሪያው ወልቆ። ቅቤ ግን ተዉ! አያቷ ለራስ ምታትም፣ ለፀጉርም፣ ለምኑም ቅቤ ይላሉ፤ ቅባት ማይክሮፎኑን ይደፍነዋል።

ሊሾ ቤት ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ በባዶ እግር ሲሄዱበት ቻርጁ ወደ መሬት ይወርዳል። ሞኬት ላይ ግን በፕላስቲክ ጫማ መንሸራተት ነው ጉዱ። ከሰዓት በኋላ አቧራውን ለማብረድ ደጅ ላይ ውሃ የምንረጨው ልማድ እዚህም ይጠቅማል፤ ክፍሉ ውስጥ እርጥብ ፎጣ ማስጣትም እንደዚሁ።

ለአስተማሪዋ የነገርኩት ሁለት ነገር ነው። እስክሪብቶ ፀጉር ላይ አሽቶ ወረቀት ማንሳት፣ ሁላችንም ያደረግነው፣ ፊኛም ማሸት፣ ሌላ ልጅ ፀጉር ላይ ይሁን። ከፍ ስትል ደግሞ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ቫን ደ ግራፍ የሚባለው፣ ፀጉር የሚያቆመው ማሽን ካለ፣ ፕሮሰሰሯን አውልቃ ርቃ ታያለች እንጂ አትነካውም።

ሺሺሺ የሚለው ድምፅ ሌላ ነው

ብዙ ሰው የሚያምታታው ይህን ነው። "ይንጫጫብኛል፣ ሺ ይላል፣ ይቆራረጣል" ሲባል እሱንም ስታቲክ ይሉታል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ብልጭታ አይደለም፤ የተጎዳ ኬብል፣ ላብ የገባበት ማይክሮፎን፣ የቆሸሸ የባትሪ መነካኪያ ነው። ልጁ ሲሰማ ኬብሉን ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት፤ ከመጣ ከሄደ ኬብሉ ነው፣ መለዋወጫውን ሞክሩ። አዳማ ሙቀት ላይ ላብ ዋናው ጠላት ነው። ማታ ማታ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለበት ደረቅ ሳጥን ውስጥ አሳድሩት፣ የባትሪውን መነካኪያ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ።

ድንገት ከጠፋ

ኮይሉን ከጭንቅላት አንሱ። ፕሮሰሰሩን አጥፉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ መልሱት። ብዙ ጊዜ ይነሳል። ካልተነሳ ሌላ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሌላ ኬብል ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ መጠባበቂያ ፕሮሰሰር ያላችሁ እሱን አድርጉና ኦዲዮሎጂስቱ ጋ ደውሉ። ማፑ የተቀመጠ ቅጂ ካለ መልሶ መጫን ይቻላል፤ ስለዚህ ቅጂው መኖሩን ከወዲሁ ጠይቁ። እኛ እንኳ ለማፒንግ አዲስ አበባ ነው የምንሄደው፣ ሳይጠይቁ ሄዶ መመለስ የቀን ድካም ነው።

ከተነሳ በኋላም ዝም ብላችሁ አትለፉ። ማፑ በከፊል ተበላሽቶ ድምፁ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ ይህን አይነግራችሁም። የሊንግ ስድስት ድምፆች የሚባሉትን ተጠቀሙ፦ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ፣ ም። አፋችሁን በወረቀት ከልላችሁ፣ ቅደም ተከተሉን እያዛባችሁ በሉ፤ ልጁ የሰማውን ይድገም። ትናንት ይለያቸው የነበሩትን ዛሬ ካምታታ፣ ወይም ድምፅ ሲሰማ ፊቱን ካጨማደደ፣ ፕሮሰሰሩን አውልቁና ደውሉ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ።

እኛ ቤት በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት ነው የምናደርገው። አሁን አሁን ለምዳው፣ "ሽ" ስላት ሆን ብላ "ም" ትለኛለች፤ ደንግጬ ወረቀቱን ሳወርድ አፏን ይዛ ትስቃለች።