«ተፈጥሯዊ» የሚል ዲኦዶራንት ከመግዛታችሁ በፊት

እዚህ ለገጣፎ፣ ታክሲ መውረጃው አጠገብ ባሉት ሱቆች «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የተባለ ዲኦዶራንት በርክቷል። እባካችሁ የፊቱን ጽሑፍ ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። ቤኪንግ ሶዳ ከዝርዝሩ አናት አካባቢ ከተጻፈ በብዛት ገብቶበታል ማለት ነው። የቆዳችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5 አካባቢ ሲሆን የሶዳው ከ8 በላይ ነው፤ ይህ ልዩነት ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። የእኔ ብብት በሳምንቱ ቀልቶ መላጥ ጀመረ። ሻጯ ግን «ሰውነትሽ መርዝ እያወጣ ነው፣ ታገሺ» አለችኝ፤ ምነው ባልሰማኋት! መርዝ የሚያወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ መቅላትና ማሳከክ የቆዳ መቆጣት ነው፣ ወዲያውኑ አቁሙ።

«ከአሉሚኒየም ነፃ» እየተባለ የሚሸጠው የሸብ ድንጋይም ራሱ የአሉሚኒየም ጨው ነው። ሸብ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ገዢ እውነቱ ይነገረው ነው የምለው። በዲኦዶራንት ፋንታ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መዋል ደግሞ ቆዳን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል።

አዲስ ስትገዙ መጀመሪያ በክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ 2 ቀን ጠብቁ። ብብታችሁን በተላጫችሁበት ዕለት ግን ምንም አትቀቡ።