ያየነውን ሁሉ ስብከት አናድርገው፦ ከዕለት ኑሮ የእምነት ትምህርት ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

በአራዳ አካባቢ ባለ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት እሑድ እሑድ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ሁልጊዜ የምጀምረው «በዚህ ሳምንት ምን አያችሁ?» በሚል ጥያቄ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከለገሃር ሜክሲኮ ሲመላለሱ የሰነበቱ ልጆች ናቸውና የሚያወሩት አያጡም። ከዕለት ኑሮ እንዲህ መማር የቆየ መንገድ ነው። ጌታ ሲያስተምር የሰማይ ወፎችን፣ የሜዳ አበቦችን፣ ዘር የሚዘራ ገበሬን፣ አንድ ድሪም ጠፍቶባት ቤቷን እየጠረገች የምትፈልግ ሴትን ያሳይ ነበር። መጽሐፈ ምሳሌም ሰነፉን «ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ» ይለዋል።

በዚህ መንገድ ስንሄድ ግን ልጆቹም እኔም ደጋግመን የተደናቀፍንባቸው ቦታዎች አሉ። አንዳንዱ ስህተት ትምህርቱን ቀጭን ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ግን ሰው ያቆስላል። ከሚያቆስለው ልጀምር።

ያጋጠመንን ሁሉ ምልክት ማድረግ

አንዲት ተማሪ ተነሥታ መሰከረች። ማለዳ አራት ኪሎ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፋ ነበር፤ ልክ እሷ ጋ ሲደርስ ሞላ። ተናደደች። በኋላ ያ ታክሲ መንገድ ላይ ተጋጭቶ ሰው መጎዳቱን ሰማች። «እግዚአብሔር ስለሚወደኝ አስቀረኝ» አለች። ልናጨበጭብ ስንል ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ቀስ ብሎ «የተሳፈሩትንስ?» ብሎ ጠየቀ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ሊያሳፍራት አልነበረም፤ የምር ግራ ገብቶት ነው። እኔም ወዲያው የምመልሰው አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው ነገሩ የተለየልኝ፦ ምስጋናዋ ትክክል ነበር፣ ማብራሪያዋ ነው የተሳሳተው። ከክፉ የተረፈ ሰው «ተመስገን» ማለት አለበት፤ ያንን መከልከል ልብን ማድረቅ ነው። «ተመስገን» ግን ስለ ሌላው ሰው አንዳች አይናገርም። «ስለሚወደኝ» ስንል ሳናስበው የተጎዱትን «አልተወደዱም» ብለን ፈርደናል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ ጳውሎስ ከመርከብ አደጋ ተርፎ መላጥያ ደሴት ሲደርስ፣ ጭራሮ ሰብስቦ እሳት ላይ ሲጨምር እፉኝት እጁ ላይ ተጠመጠመች። የደሴቱ ሰዎች «ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ከባሕር ቢያመልጥም ፍርድ አልለቀቀውም» አሉ። ጠብቀው ጠብቀው ምንም እንዳልሆነ ሲያዩ ደግሞ «አምላክ ነው» አሉ። አንድ ነገር አይተው ሁለት ፍርድ ሰጡ፣ ሁለቱም ስህተት። ጳውሎስ እፉኝቷን ወደ እሳቱ አራገፋት፤ ቀጥሎ የምናነበው የደሴቱን አለቃ የታመመ አባት ሊጠይቅ መግባቱን፣ ጸልዮም መፈወሱን ነው። ስለ እፉኝቷ ትርጉም አንዲት ቃል አልተናገረም።

ለልጅቷ በሚቀጥለው እሑድ ይህን አነበብኩላት። እሷ ራሷ «ታዲያ የተጎዱት የት ሆስፒታል እንደተወሰዱ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

የሰውን መከራ ማስተማሪያ ማድረግ

ይህን የምጽፈው ያጠፋሁት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ብዙ ሰፈር ሲፈርስ፣ ለብዙ ዘመን በአንድ ግቢ ሲኖሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተኑ። ሁላችንም «እማማ» እያልን የምንጠራቸው፣ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የሚያውቁኝ ጎረቤት ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ላጽናናቸው ገባሁ። ቡና አፈሉልኝ። እኔ ደግሞ አብርሃምን አነሣሁላቸው፤ «ከአገርህ ውጣ» ሲባል ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ እንደታዘዘ፣ ይህም ዓለም ለሁላችን የእንግድነት ቤት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ለእሑድ ትምህርት ያዘጋጀሁትን ነበር የምነግራቸው።

እማማ በትዕግሥት አደመጡኝ። ከዚያ ሲኒውን እያለቀለቁ፣ «ልጄ፣ አብርሃም እኮ ሣራን ይዞ፣ ሎጥን አስከትሎ ነው የወጣው። እኔን ማን ይከተለኛል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 12 ላይ ተጽፏል። ስንት ጊዜ ያነበብኩት ምዕራፍ ነው፣ ሎጥን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። የእማማ ጭንቀት የቤቱ ጉዳይ አልነበረም። ዕድራቸው፣ በየወሩ የሚጠጡት የጽዋ ማኅበር፣ ሌሊት ቢያማቸው ግድግዳ አንኳኩተው የሚጠሯት ጎረቤት ነው። እኔ ምን እንደሚያስጨንቃቸው ሳልጠይቅ ነው መልስ ይዤ የገባሁት።

የኢዮብ ወዳጆች ሲመጡ መልካም ሰዎች ነበሩ። 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ እንደከበደ አይተዋልና አንድም ቃል አልተናገሩትም። ጥፋታቸው የጀመረው ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው። የእኛ ሰው ይህን ያውቃል። ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ገብተን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን፣ አግዳሚው ላይ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ያ ዝምታ ትልቅ ሥርዓት ነው። አሁን አሁን ግን ድንኳን ውስጥም «ለበጎ ነው»፣ «አምላክ ሊያስተምራችሁ ነው» የሚል ሰው እየበዛ መጥቷል። እባካችሁ ይህን እንተው። ትምህርት ካለበት፣ ባለ መከራው ራሱ በጊዜው ያገኘዋል፤ የሚናገረውም እርሱ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የእማማን ዕቃ ከጫነው አይሱዙ ላይ አብሬ ተሳፈርኩ። ምጣዱ እንዳይሰበር ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለ አብርሃም አላወራንም።

ትምህርቱን ለሌላ ሰው ማሻገር

አንድ ነገር አይተን ልባችን ሲነካ መጀመሪያ የምናስበው «ይህን እገሌ በሰማው» ነው። መልስ የቆረጠ ወያላ አይተን ስለ ሌብነት እንጽፋለን፤ በቴሌግራም ለቤተሰብ ግሩፕ እንልካለን፤ ለማን እንደተላከም ሁሉም ያውቃል።

ነቢዩ ናታን ለዳዊት የአንዲት በግ ታሪክ ነገረው፤ ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የድሀውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው አረደ። ዳዊት ታሪኩ ስለ ሌላ ሰው መስሎት በቁጣ ነደደ፣ ይህን ያደረገ ሞት ይገባዋል ብሎ ፈረደ። ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ያየነው ነገር ትምህርት ሆኖልን እንደሆነ የምናውቀው በዚህች ቃል ነው። የወያላው ጉዳይ ወደ እኔ ካልዞረ፣ መሥሪያ ቤት ያባከንኩትን ሰዓት ካላስታወሰኝ፣ ሐሜት ነው እንጂ ትምህርት አይደለም።

ነገሩን ሳያውቁ ምሥጢሩን መናገር

ስለ እርሾ አስተማርኩ። ሴቲቱ ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ የሸሸገችው እርሾ፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 13። «ትንሽ ነገር ከውጭ ገብታ ሁሉን ትለውጣለች» ብዬ ደመደምኩ። ትምህርቱ ሲያበቃ ለበዓል ዝግጅት እንጀራ ሊጋግሩ ከመጡት እናቶች አንዷ ጠጋ ብለው፣ «እርሾ ከውጭ አይመጣም እኮ፤ ካለፈው ቡሆ ላይ ተቀንሶ የሚቀመጥ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሁሉን አስረዱኝ። ጤፉ በእርሾ ይቦካና ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከላይ የጠለለው ውኃ ይቀነሳል። ከዚያ አብሲት ይጣላል፤ ከሊጡ ጥቂቱ ተወስዶ እሳት ላይ ይበስልና ወደ ጥሬው ሊጥ ይመለሳል። ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋገራል። አብሲቱ በደንብ ካልተጣለ የእንጀራው ዓይን አያምርም።

እናትየው በዚህ አምስት ደቂቃ የነገሩኝ እኔ በአንድ ሰዓት ካስተማርኩት ይበልጣል። እርሾ ከትናንት ለዛሬ የሚተላለፍ ነው፤ እምነቴም ከአያቴ ውዳሴ ማርያም የተቀዳ እንጂ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ከራሱ ከሊጡ የተወሰደው፣ እሳት ያየው፣ ወደ ጥሬው ተመልሶ ሌላውን ያነሣል፤ ከዚህም ተነሥቼ፣ በፈተና ያለፈ ሰው ማኅበሩን ትቶ ለብቻው ቅዱስ ሊሆን እንደማይችል እስካሁን እያሰብኩበት ነው። ነገሩን ጠጋ ብሎ የሚያየው ሰው ምሥጢር አያጣም፤ የሚቸኩለው ግን የሚያገኘው አስቀድሞ በኪሱ የያዘውን ብቻ ነው።

እዚሁ ላይ ሌላም አለ። እርሾ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 16 «ከፈሪሳውያንና ከሰዱቃውያን እርሾ ተጠንቀቁ» ተብሎበታል። አንዱ ነገር ለመንግሥተ ሰማያትም ለክፉ ትምህርትም ምሳሌ ሆነ። የትርጓሜ መምህሮቻችን «አንድም» እያሉ ትርጉም በትርጉም ላይ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። «የዚህ ነገር ትርጉሙ ይኸው ነው፣ በቃ» ብሎ መዝጋት የእነርሱ መንገድ አይደለም።

የሌላ ሀገር ምሳሌ መዋስ

ልጆቹ ከስልክ ላይ የሚያመጡት ምሳሌ የባሕር ዳርቻ መብራት፣ በረዶ የሸፈነው መንገድ፣ የመርከብ መልሕቅ ነው። ክፉ አይደለም፤ ግን አንዱንም አላዩትም። አንድ ቀን «ዛሬ በእግራችሁ ያለፋችሁበትን ብቻ ንገሩኝ» አልኳቸው። ፖስታ ቤት አካባቢ ሊስትሮ የሆነ ልጅ እጁን አወጣ። «ጫማው ላይ ጭቃ እያለ ቀለም ብቀባው ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አቧራውን አራግፋለሁ፣ በሳሙና አጥባለሁ፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ደንበኛው ሲቸኩል ነው የሚከብደኝ» አለ። ስለ ንስሐ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አልፈለግንም።

ያማረውን ብቻ መፈለግ

እምነት ከጀንበር መጥለቂያና ከአበባ ብቻ የሚማሩት የሚመስላቸው አሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ አታላይ መጋቢ፣ ምዕራፍ 18 ላይ እግዚአብሔርን የማይፈራ ዳኛ የምሳሌው ባለቤቶች ናቸው። ፊርማ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ስትመላለስ የምትውለዋን ሴት ያየ፣ ያን ዳኛ «ፍረድልኝ» እያለች የምትመላለሰውን መበለት አይቷል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አምላክን እንደ ባለሥልጣኑ እንዳንስለው ነው፤ ምሳሌው የሚለው ያ ክፉ ዳኛ እንኳ ከፈረደላት፣ እርሱማ እንዴት አብልጦ አይሰማ ነው።

የኑሮን ትምህርት ከመጽሐፉ በላይ ማስቀመጥም ስህተት ነው፤ በጥቂቱ ልለፈው። ሰይጣን እንኳ ጌታን ሲፈትን መዝሙር ጠቅሶ ነበርና «ልቤ ነገረኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። ያገኘነው ትምህርት እግዚአብሔርንና ባልንጀራን ከመውደድ የሚያርቀን ከሆነ የተሳሳትነው እኛ ነን። ሲያወላውለን ደግሞ የንስሐ አባት አለ።

ትምህርቱን ይዞ ሰውየውን ማለፍ

ወር በገባ በ23 በአራዳ ጊዮርጊስ በር ያለውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥላ የያዙ፣ ጧፍ የሚሸጡ፣ ከአጥሩ ሥር በተርታ የተቀመጡ ነዳያን። ከዚያ በር ምሳሌ ሳይዝ የሚመለስ ሰባኪ የለም። እኔም የአንድ ዓይነ ስውር አባትን ታሪክ ለዓመታት አስተምሬበታለሁ፤ ሳንቲም ሲሰጣቸው የሰጪውን ልጆች ስም በስም እየጠየቁ ይመርቁ ነበር። «እዩ፣ የተቀበለው ሰጪ ሆነ» እላለሁ። ደስ የሚል ትምህርት ነበር።

ሐዋርያው ያዕቆብ የሚያስፈራ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ወንድም ወይም እኅት ራቁታቸውን ሆነው፣ የዕለት ምግብ አጥተው፣ ከእናንተ አንዱ «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ» ቢላቸው፣ ለሰውነታቸው የሚያስፈልገውን ግን ባትሰጧቸው ምን ይጠቅማል? ባለፈው 23 ያ «የተሳፈሩትንስ?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ከቅዳሴ በኋላ ዘግይቶ ወደ ክፍል ገባ። እንደልማዴ ምን እንዳየ ጠየቅኩት።

«በሩ ላይ ያሉት አባት ጋ ተቀምጬ ነበር» አለኝ።

«ምን ተማርክ?»

«ገና ነው። ስማቸውን ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ። ነጠላቸው ተቀዷል፤ ለሚቀጥለው 23 ሌላ አመጣለሁ ብያቸዋለሁ።»

ስማቸውን ነገረኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስለ እርሳቸው ሳስተምር ስማቸውን አላውቅም ነበር።